ሁለት እጅ ለክራሩ፣ አንድ እግር ለኮምፒዩተሩ
የአቋራጭ ቁልፎችና የመቆጣጠሪያ ፕለጊን አሠራር በሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር

አንድ ተማሪ ክራሩን በትከሻው አንግቶ፣ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቢሮዬ መጣ። ተማሪው ዓይነ ስውር ነው። ክራር መደርደር ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ሲሆን፣ የራሱን ዜማዎች በማደሪያ ክፍሉ ለመቅዳት የሚያስችለው ሶፍትዌር በላፕቶፑ ላይ ተጭኖለታል። ችግሩን በአጭሩ ነገረኝ፦ «መምህር፣ ሁለቱም እጆቼ ክራሩ ላይ ናቸው፤ የመቅጃውን ቁልፍ ማን ይጫንልኝ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይጫንለት የነበረው አብሮት የሚኖር ጓደኛው ነበር። ጓደኛው ፈተና ካለበት ቀረጻ አይኖርም፤ ወደ ቤተሰቡ ከሄደም እንዲሁ። ዜማው ደግሞ ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ የተጠራበት ሰዓት ካለፈ ብዙውን ጊዜ ተረስቶ ይቀራል።

ጥያቄው ሲሰሙት የሙዚቃ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን መልሱ ያለው በኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ፣ በቁጥሮችና በጊዜ ልኬት ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ ቁልፍ ሲጫን ምን እንደሚፈጠር፣ ያ ክስተት እንዴት ወደ ትእዛዝ እንደሚለወጥ፣ የመቆጣጠሪያ ፕለጊን የሚባለው መሣሪያ በመካከል ገብቶ ምን እንደሚሠራ እናያለን፤ በመጨረሻም ለተማሪው ያገኘነውን መፍትሔ እንመለከታለን።

ቁልፍ ሲጫን ምን ይሆናል?

የኮምፒዩተር ቁልፍ በመሠረቱ እንደ ቤታችን የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ነው፤ ሲጫኑት ሁለት አስተላላፊዎችን ያገናኛል፣ ሲለቁት ያለያያል። ልዩነቱ በብዛት ላይ ነው። የተለመደው ሙሉ ኪቦርድ 104 ያህል ቁልፎች አሉት። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ ቢዘረጋለት ከመቶ በላይ ሽቦዎች ያስፈልጉ ነበር። ስለዚህ ቁልፎቹ በረድፍና በዓምድ እንደ ሰንጠረዥ ይደረደራሉ። ለምሳሌ 8 ረድፍና 13 ዓምድ ቢኖር 8 × 13 = 104 መገናኛዎች ይገኛሉ፤ የሚያስፈልጉት ሽቦዎች ግን 8 + 13 = 21 ብቻ ናቸው። በኪቦርዱ ውስጥ የሚገኝ አነስተኛ ፕሮሰሰር ዓምዶቹን አንድ በአንድ እየፈተነ በየትኛው መገናኛ ላይ ኤሌክትሪክ እንዳለፈ ያነባል።

ይህ ቁጠባ የራሱ ዋጋ አለው። በሰንጠረዡ ላይ የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጫፎችን የያዙ ሦስት ቁልፎች በአንድነት ቢጫኑ ኤሌክትሪኩ በሦስቱ በኩል ዞሮ አራተኛው ጫፍ ዘንድ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ማንም ያልነካውን አራተኛ ቁልፍ እንደተጫነ ሊቆጥረው ይችላል። ይህን ለመከላከል በየቁልፉ ሥር ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ይደረጋል፤ ዳዮድ የሌላቸው ርካሽ ኪቦርዶች ግን አሻሚ የሆነውን ቁልፍ ጨርሰው ችላ ይሉታል። ብዙ ቁልፎችን በአንድነት መጫን የሚጠይቅ አቋራጭ በአንዱ ኪቦርድ ላይ ሠርቶ በሌላው ላይ እምቢ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላም ችግር አለ። ሁለት ብረቶች ሲጋጩ ወዲያው ተጣብቀው አይቀሩም፤ መሬት ላይ እንደተጣለ ኳስ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ይነጥራሉ። ኤሌክትሪኩም በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። ፕሮሰሰሩ ይህን ሁሉ እንዳለ ቢያስተላልፍ አንድ ጊዜ የተጫነ ቁልፍ አሥር ጊዜ የተጫነ ይመስል ነበር። ስለዚህ ንጥረቱ እስኪረጋ ጥቂት ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ነው «ተጭኗል» ብሎ የሚወስነው።

ውሳኔው ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሄደው በቁጥር መልክ ነው። በዩኤስቢ ደንብ መሠረት የኤ ቁልፍ ቁጥር 4፣ የቢ ቁልፍ 5 እያለ ይቀጥላል፤ አር 21፣ ኤስ 22 ነው። መሠረታዊው መልእክት 8 ባይቶች አሉት። የመጀመሪያው ባይት እንደ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦልት ላሉት አጋዥ ቁልፎች የተመደበ ነው፤ ሁለተኛው ባዶ ይተዋል፤ የተቀሩት ስድስቱ የተጫኑትን ሌሎች ቁልፎች ቁጥር ይይዛሉ። ስለዚህ ግራውን ኮንትሮልና አርን በአንድነት ብንጫን የሚላከው «1 0 21 0 0 0 0 0» ነው። «ቅዳ» የሚል ቃል በዚህ መልእክት ውስጥ የለም። ኪቦርዱ ስለ ሙዚቃም ሆነ ስለ ቀረጻ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም።

ከቁጥር ወደ ትእዛዝ

ለቁጥሩ ትርጉም የሚሰጠው ሶፍትዌሩ ነው። እንደ ምሳሌ ሪፐር የተባለውን የሙዚቃ ማቀናበሪያ እንውሰድ። ሪፐር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው ቀደም ሲል ዊንአምፕ የተባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ የፈጠረው ጀስቲን ፍራንክል ነው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ለ60 ቀናት መሞከር ይፈቀዳል።

በሪፐር ውስጥ ማንኛውም ድርጊት፣ ማጫወትም ይሁን መቅዳት፣ መቁረጥም ይሁን ማጉላት፣ በአንድ ረጅም የድርጊቶች ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ዝርዝሩ የጥያቄ ምልክቱን ቁልፍ በመጫን ይከፈታል። ከእያንዳንዱ ድርጊት አጠገብ የተመደበለት አቋራጭ ይታያል፤ የስፔስ ቁልፍ ያጫውታል፣ ያቆማል፤ ኤስ የተመረጠውን ቅጂ ይቆርጣል፤ ኮንትሮልና አር መቅዳት ይጀምራል። እነዚህ ግን ከፋብሪካው የመጡ ምደባዎች እንጂ የማይለወጡ ሕጎች አይደሉም። ድርጊቱን መርጠን፣ «አክል» የሚለውን ተጭነን፣ የፈለግነውን ቁልፍ ብንነካ አዲሱ ምደባ ወዲያውኑ ይመዘገባል።

ጠቅላላው ነገር እንግዲህ የሁለት ዓምዶች ሰንጠረዥ ነው፤ በአንዱ ዓምድ ቁጥሮች፣ በሌላው ድርጊቶች ተጽፈዋል። በሒሳብ ትምህርት «ፈንክሽን» የምንለው ይኸው ነው። አንድ ቁልፍ ሁለት የተለያዩ ድርጊቶችን ቢያዝ ሶፍትዌሩ ግራ ይጋባል፤ ሁለት ቁልፎች አንድ ድርጊት ቢያዙ ግን ምንም ችግር የለም።

የአማርኛ ጽሑፍ ለሚጽፉ ተማሪዎች እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። የግእዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራም በሥራ ላይ እያለ የኤስን ቁልፍ ብንጫን መጻፊያው ቁጥሩን በመንገድ ላይ ተቀብሎ ወደ «ስ» ሊለውጠው ይችላል። በዩኒኮድ ሰንጠረዥ የትንሿ ኤስ ቁጥር 115 ሲሆን የ«ስ» ደግሞ 4661 ነው። የሙዚቃው ሶፍትዌር 4661 ለሚባል ቁጥር የመደበው ድርጊት ስለሌለው ዝም ይላል። ብዙዎች ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል ብለው እንደገና ይጭኑታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሥራ ከመጀመራችን በፊት ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ፣ ወይም አቋራጮቻችንን ፊደል ባልተጻፈባቸው ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ባሉት ቁልፎች ላይ መመደብ ነው።

ለመሆኑ ማውዝ ምን አነሰው?

አቋራጭ ቁልፍ ለምን ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ የሚለካ መልስ የሰጠው አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ፖል ፊትስ ነው። ፊትስ በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እጅ ወደ አንድ ዒላማ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በዒላማው ርቀትና ስፋት እንደሚወሰን አሳየ። ርቀቱን «ር»፣ ስፋቱን «ስ» ብንል የሥራው ክብደት መሠረቱ 2 የሆነው የ(2ር ÷ ስ) ሎጋሪዝም ነው፤ ጊዜውም ከዚህ ክብደት ጋር አብሮ ይጨምራል።

በስክሪን ላይ የምትገኝ ግማሽ ሴንቲሜትር ስፋት ያላት የመቅጃ ምልክት ከማውዙ ቀስት 20 ሴንቲሜትር ብትርቅ 2 × 20 ÷ 0.5 = 80 ይሆናል፤ ሎጋሪዝሙም 6.3 ነው። ከጣታችን 5 ሴንቲሜትር የሚርቅ፣ 1.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቁልፍ ደግሞ 2 × 5 ÷ 1.5 = 6.7 ገደማ ይሰጠናል፤ ሎጋሪዝሙ 2.7 ነው። የቁልፉ ሥራ ከግማሽ በታች ይቀልላል ማለት ነው።

ይህ ስሌት ግን ዒላማውን ለሚያይ ሰው ነው። ለተማሪዬ የማውዙ ቀስት የት እንዳለ፣ ምልክቷም በየት በኩል እንደተቀመጠች የሚነግረው ነገር የለም፤ ስለዚህ ርቀት የሚባለው ነገር ራሱ የለውም። ለብዙዎቻችን አቋራጭ ቁልፍ ጊዜ መቆጠቢያ ሲሆን ለእርሱ ወደ ሥራው የሚገባበት ብቸኛ በር ነው። ይህንኑ በመገንዘብ፣ ራሱ ዓይነ ስውር የሆነው አውስትራሊያዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ጄምስ ቴህ ኦሳራ የተባለ ነጻ ማሟያ ለሪፐር ሠርቷል። ቴህ ኤን.ቪ.ዲ.ኤ. የተባለውን ነጻ የስክሪን አንባቢ ካዳበሩት ሰዎችም አንዱ ነው። ኦሳራ ከስክሪን አንባቢው ጋር በመሆን የትኛው ትራክ እንደተመረጠና ጠቋሚው የት እንደደረሰ በድምፅ ይናገራል፤ የራሱ የሆነ የአቋራጭ ቁልፎች ምደባም አለው። ተማሪው በእነዚህ ሁለቱ በመጠቀም ሪፐርን ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ይሠራበታል። የቀረው ችግር እጁ ክራሩን በያዘበት ሰዓት ያለው ብቻ ነበር። ለዚያ ደግሞ የተረፈው እግሩ ነው።

የእግር መርገጫውና ሦስቱ ባይቶች

ከኤሌክትሮኒክ ፒያኖ ሥር የሚቀመጠው፣ ድምፁን ለማራዘም በእግር የሚረገጠው መርገጫ ቀላል ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ይህን መርገጫ ትንሽ የሙዚቃ ኪቦርድ ላይ ሰክተን፣ ኪቦርዱን በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር ብናገናኝ መርገጫው ሚዲ በሚባል ቋንቋ መናገር ይጀምራል።

ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒዩተሮች የሚግባቡበት የጋራ ደንብ ነው። በጥር 1983 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተደረገ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርኢት ላይ የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች መሣሪያዎች በሚዲ ተገናኝተው ለሕዝብ ታዩ። ለደንቡ መወለድ ከፍተኛ ድርሻ የነበራቸው አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ2013 እ.ኤ.አ. የግራሚን የቴክኒክ ሽልማት ተቀብለውበታል።

ሚዲ ድምፅ አያስተላልፍም፤ የሚያስተላልፈው ስለ ድምፅ የሚናገሩ ቁጥሮችን ነው። መርገጫው ሲረገጥ የሚላኩት ሦስት ባይቶች «176 64 127» ናቸው። 176 «በአንደኛው መስመር ላይ የመቆጣጠሪያ ለውጥ አለ» ማለት ነው፤ 64 የድምፅ ማራዘሚያው መርገጫ መለያ ቁጥር ነው፤ 127 ደግሞ «ሙሉ በሙሉ ተረግጧል» ይላል። ሲለቀቅ «176 64 0» ይላካል። በመጀመሪያው የሚዲ ገመድ በሰከንድ 31,250 ቢቶች ያልፋሉ። እያንዳንዱ ባይት ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚሆን ሦስቱ ባይቶች 30 ቢት ናቸው፤ 30 ን ለ31,250 ብናካፍል 0.96 ሚሊሰከንድ እናገኛለን። በዩኤስቢ ሲሆን ይህ ገደብ የለም።

ሪፐር ለኪቦርድ ቁልፍ እንደሚያደርገው ሁሉ ለሚዲ መልእክትም ድርጊት መመደብ ይችላል። በቅድሚያ በማስተካከያው ውስጥ መሣሪያው ለመቆጣጠሪያ እንዲያገለግል መፍቀድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ የድርጊቶቹን ዝርዝር ከፍተን፣ «ትራንስፖርት፦ ሪከርድ» የሚለውን መርጠን፣ «አክል» ብለን መርገጫውን መርገጥ ይበቃል። እኛም እንዲሁ አደረግን። ተማሪው ክራሩን አነሣ፤ መርገጫውን ረገጠ፤ ቀረጻው ተጀመረ።

ደስታችን ግን አንድ ደቂቃ አልሞላም። ክራር ደርዳሪ ምቱን በእግሩ ይጠብቃል። ተማሪው ዜማው ውስጥ ሲገባ እግሩ እንደ ልማዱ መምታት ጀመረ፤ የሚመታውም መርገጫውን ነበር። ቀረጻው በየምቱ ተጀመረ፣ ተቋረጠ። «እግሬን ይሰሩልኝ» ብሎ ሳቀ። ማሰር ያለብን ግን እግሩን ሳይሆን ትርጉሙን ነበር። የድርጊቶቹ ዝርዝር «ተረገጠ» ከሚለው በቀር የሚያውቀው ነገር የለም፤ ለምት የተረገጠውን ለትእዛዝ ከተረገጠው አይለይም። የመቆጣጠሪያ ፕለጊን የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

የመቆጣጠሪያ ፕለጊን

ፕለጊን በዋናው ሶፍትዌር ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። አብዛኛዎቹ ፕለጊኖች ድምፅን ይለውጣሉ ወይም ይፈጥራሉ፤ የመቆጣጠሪያ ፕለጊን ግን ድምፅ አይነካም፤ ትእዛዝ ይተረጉማል። ለሪፐር ከተሠሩት መካከል በነጻ የሚገኘው ሪያለርን የተባለው ነው። በዚህ ፕለጊን ውስጥ እያንዳንዱ ምደባ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ምንጭ፣ ማያያዣና ዒላማ።

ምንጭ የሚባለው መልእክቱ የሚመጣበት ነው፤ የሚዲ መርገጫ፣ የሚሽከረከር ጉጥ፣ የፒያኖ ቁልፍ ወይም ተራው የኮምፒዩተር ኪቦርድ ሊሆን ይችላል። ዒላማ የሚፈጸመው ነገር ነው፤ ከድርጊቶቹ ዝርዝር ውስጥ አንዱ፣ የአንድ ትራክ ድምፅ መጠን ወይም የሌላ ፕለጊን ማስተካከያ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም «ተማር» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መሣሪያውን በመንካትና ዒላማውን በማንቀሳቀስ ማስመዝገብ ይቻላል። ትልቁ ሥራ የሚሠራው ግን በመካከል ባለው ማያያዣ ነው፤ መጠኑን የሚያሰፋው፣ የሚያጠበው፣ የሚገለብጠውና በጊዜ የሚያጣራው እርሱ ነው።

የማያያዣውን ጥቅም በአንድ ስሌት እንየው። የሚዲ ጉጥ የሚልከው ከ0 እስከ 127 ያሉ ሙሉ ቁጥሮችን ብቻ ነው። በዚህ ጉጥ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን የድምፅ ድግግሞሽ ልንቆጣጠር ብንፈልግ በእኩል ልዩነት ስናከፋፍለው አንዱ እርምጃ 157 ኸርዝ ይሆናል። የመጀመሪያዋ እርምጃ ከ20 ወደ 177 ኸርዝ፣ ማለትም ከሦስት ኦክታቭ በላይ ታዘልለናለች፤ በላይኛው ጫፍ ያለችው የመጨረሻዋ እርምጃ ግን ለጆሮ አትሰማም። ምክንያቱም ጆሯችን የሚለካው በልዩነት ሳይሆን በውድር ነው። በሎጋሪዝም ብናከፋፍለው ግን እያንዳንዱ እርምጃ ድግግሞሹን በ1.056 ያባዛል፤ ይህም በፒያኖ ላይ ካለው የግማሽ ቶን ውድር ከ1.059 ጥቂት ያነሰ ነው። ቁጥሮቹ ያው 128 ሆነው ሳለ አከፋፈላቸው ብቻ የማይረባውን ጉጥ ጠቃሚ ያደርገዋል።

ሌላው የጉጥ ችግር ዝላይ ነው። ጉጡ 100 ላይ ቆሞ የትራኩ ድምፅ 30 ላይ ቢሆን፣ ጉጡን ገና ስንነካው ድምፁ ከ30 ወደ 100 ይዘላል፤ ጆሮ ማዳመጫ ላደረገ ሰው ይህ አስደንጋጭ ነው። ማያያዣው ጉጡ የትራኩ መጠን ላይ እስኪደርስ ድረስ ዝም እንዲል ልናዝዘው እንችላለን። ማለቂያ የሌለው ዙር የሚዞሩ ጉጦች ደግሞ ያሉበትን ቦታ ሳይሆን የተንቀሳቀሱበትን መጠን ብቻ ስለሚልኩ ይህ ችግር ከመነሻው የለባቸውም።

አንዳንድ መርገጫዎች የተሠሩት ሲለቀቁ እንዲያገናኙ ነው። እንዲህ ያለው መርገጫ ሳይረገጥ 127፣ ሲረገጥ 0 ሊልክ ይችላል። ይህንንም ማያያዣው ውስጥ «ገልብጥ» የሚለውን በመምረጥ ማስተካከል ይቻላል። እኛን የጠቀመን ግን የጊዜ ማጣሪያው ነው፤ ማያያዣው መርገጫው ለምን ያህል ጊዜ ተረግጦ እንደቆየ ለክቶ በተወሰነው ክልል ውስጥ ከሆነ ብቻ ትእዛዙን ያስተላልፋል።

ስንት ሚሊሰከንድ?

ክልሉን ለመወሰን ማስላት ነበረብን። በደቂቃ 90 ምት ያለው ዜማ በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል 60 ÷ 90 = 0.67 ሰከንድ አለው። እግር መርገጫው ላይ የሚቆየው የዚህን ግማሽ ያህል ነው ብንል 0.33 ሰከንድ ይሆናል። ተማሪው ከሚጫወታቸው ሁሉ ዝግተኛ የሆነውን፣ በደቂቃ 50 ምት ያለውን ብንወስድ ደግሞ ግማሹ 0.6 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ከ0.7 ሰከንድ በታች የሆነ ማንኛውም ርግጫ ምት እንጂ ትእዛዝ አይደለም ብለን ወሰንን። ከ0.7 እስከ 2 ሰከንድ የቆየ ርግጫ «መቅዳት ጀምር» ማለት ሆነ፤ ከ2.5 ሰከንድ በላይ የቆየ ደግሞ «አቁም፣ ቅጂውን አስቀምጥ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለስ» ማለት ሆነ። በ2 እና በ2.5 መካከል ያለው ክፍት ቦታ ለስሕተት የተተወ መጠባበቂያ ነው።

ርግጫው ስንት ጊዜ እንደቆየ የሚታወቀው እግር ሲነሣ ስለሆነ ትእዛዙ መዘግየቱ አይቀርም። ይህ ግን አይጎዳም፤ ሪፐር ከመቅዳቱ በፊት ሜትሮኖሙ እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል። ቆጠራው ለተማሪው ሁለት ጥቅም ይሰጠዋል፤ ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኛል፤ ትእዛዙ መድረሱንም በጆሮው ያረጋግጣል።

የማይታለፈው መዘግየት ሌላ ነው። የክራሩ ድምፅ በማይክሮፎን ገብቶ በኮምፒዩተሩ አልፎ ወደ ጆሮ ማዳመጫው ሲመለስ በየቡድኑ እየተጠራቀመ ያልፋል። በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲወሰድና በአንድ ቡድን 1,024 ናሙናዎች ሲጠራቀሙ አንዱ ቡድን ብቻ 23.2 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ ይህ የራስን ክራር 8 ሜትር ርቆ እንደ መስማት ነው። ቡድኑን ወደ 256 ናሙና ብናወርደው 5.8 ሚሊሰከንድ ወይም 2 ሜትር ይሆናል። ቡድኑ ሲያንስ ፕሮሰሰሩ ይበልጥ ይጣደፋል፤ ካቃተው ድምፁ ይቆራረጣል። ስለዚህ በቀረጻ ጊዜ ማሳነስ፣ በማቀናበር ጊዜ ማብዛት የተለመደ ነው።

ምደባው ሲዘጋጅ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነጥቦች

ከዚህ ልምድ በመነሣት የራሳቸውን አቋራጮች ለሚያዘጋጁ ተማሪዎች የሚከተሉትን ነጥቦች እናስተላልፋለን።

አንደኛ፣ ቁልፍ ከመመደባችን በፊት ለጥቂት ቀናት እየሠራን የምንደጋግማቸውን ድርጊቶች በወረቀት እንመዝግብ። በጣም የምንደጋግመው ለጣታችን ቅርብ በሆነው ቁልፍ ላይ ይመደብ። በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ አዳዲስ አቋራጮችን መማር ሁሉንም ለመርሳት ያጋልጣል።

ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ ተከታትለው የሚመጡ ድርጊቶችን በአንድ ላይ እናስራቸው። ሪፐር ብዙ ድርጊቶችን በቅደም ተከተል የያዘ የራሳችንን ድርጊት እንድንፈጥር ይፈቅዳል። የተማሪው ረጅም ርግጫ የሚጠራው እንዲህ ያለውን ሰንሰለት ነው።

ሦስተኛ፣ የማይመለስ ድርጊት በቀላሉ በማይነካ ቦታ ላይ ይቀመጥ። በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ የማቆሚያ ድርጊቶች አሉ፤ አንዱ የተቀዳውን ሁሉ ያስቀምጣል፣ ሌላው የተቀዳውን ሁሉ ይሰርዛል። መጀመሪያ ላይ የተበላሸ ቅጂ እንዳይከማች ብለን ሰራዡን ለእግሩ ልንሰጠው አስበን ነበር። ኋላ ግን ተማሪው ራሱ «እግር ይሳሳታል፤ ስሕተቱ በዲስክ ላይ ቢከማች ይሻላል» አለ። ትክክል ነበር። መሰረዝ ለእጅ፣ ያውም ለሁለት እጅ የተተወ ሥራ ሆነ።

አራተኛ፣ ፕለጊኑ በአንድ ትራክ ላይ ቢጫን የሚሠራው በዚያው ፕሮጀክት ውስጥ ብቻ ነው። በሪፐር የመከታተያ ሰንሰለት ውስጥ ቢቀመጥ ግን በየትኛውም ፕሮጀክት ያገለግላል።

አምስተኛ፣ የአቋራጮቹ ምደባ በፋይል መልክ ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላልና ቅጂውን በፍላሽ ዲስክ እናስቀምጥ። ላፕቶፕ ይበላሻል፣ ይጠፋል፤ ለወራት የተለማመድንበት ምደባ ግን አብሮ ሊጠፋ አይገባም። ፋይሉን ይዘን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ብንሄድ ጣቶቻችን እንግድነት አይሰማቸውም።

ማጠቃለያ

ከመብራት ማብሪያ የማይለይ ቁልፍ፣ እርሱ የሚልከው ቁጥር፣ ለቁጥሩ የተሰጠው ትርጉም፤ የአቋራጭ ቁልፍ ታሪክ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በፊዚክስና በደንብ የተወሰኑ ስለሆኑ እኛ አንለውጣቸውም። ሦስተኛው ግን ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው። ሶፍትዌሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ምደባ የተዘጋጀው ስክሪን ለሚያይ፣ ሁለት እጁ ነጻ ለሆነ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ለሚጽፍ ተጠቃሚ ነው። ከእነዚህ በአንዱ የሚለይ ሰው ለመሣሪያው የማይመች ሆኖ አይደለም፤ ምደባው ገና ለእርሱ ስላልተሠራ ነው።

ተማሪው ሥራውን ከጨረስን ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ነበር። የመጣው ችግር ገጥሞት ሳይሆን 11 ቅጂዎችን በፍላሽ ይዞ ነበር። ከመካከላቸው አንዱን የቀዳው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ጓደኛው ተኝቶ ሳለ መሆኑን ነገረኝ። በቅጂው መጨረሻ ላይ ክራሩ ዝም ካለ በኋላ መርገጫው ሲለቀቅ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። እንቁረጣት ብለው እምቢ አለኝ።